ሰው የሌለው ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። መፃጉዕ ማለት ድውይ፣ በሽተኛ ማለት ነው። በዚህ ዕለት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት በደዌ ታስሮ የኖረውን ሰው ታሳስበናለች (ዮሐ. 5፥1-15)።

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን አንዲት ቁም ነገር ብዙ ጊዜ ታልፈናለች። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ያን ሰው መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ ሰውዬው ስለ ሕመሙ አልተናገረም። ወገቤን አላለም፤ እግሬን አላለም። የተናገረው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው። ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገበው ሰው ማጣቱ ነበር።

እስቲ ልብ በሉ! በዚያ ስፍራ ሰው ጠፍቶ ነበርን? አይደለም። መጠመቂያው አምስት መመላለሻ ነበረው፤ በአምስቱም ሕዝብ ሞልቷል። በሽተኛው አለ፣ አስታማሚው አለ፣ ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው መንገደኛ አለ። ይህ ሰው ግን በሰው ተከቦ ሰው አጣ።

ዛሬስ? ወደ ቤተ ክርስቲያናችን በር እንምጣ። ነጠላችንን አጣፍተን ለመሳለም ስንገባ ግራና ቀኙን የተሰለፉትን ነዳያን እናያለን። ሳንቲም እንሰጣለን፣ «እግዜር ይስጥልኝ» እንባላለን፣ እንገባለን። መልካም ነው፤ ምጽዋት ነውና። ነገር ግን እዚያ ከተቀመጡት መካከል የስንቱን ስም እናውቃለን?

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በአጥቢያችን ደጅ ላይ አንዲት ባልቴት ይቀመጡ ነበር። እሑድ እሑድ ያቅሜን እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ልጄ፣ ክፉ አይንካህ» ብለው ይመርቁኛል። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ውስጥ እገባለሁ። እንዲህ ስንል ዓመታት አለፉ። በአንድ ሁዳዴ ግን ቦታቸው ባዶ ሆነ። በሚቀጥለውም እሑድ የሉም። ዘበኛውን «እዚህ የሚቀመጡት እናት የት ሄዱ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የትኛዋ?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? ስማቸውን አላውቅም። የት እንደሚያድሩ አላውቅም። ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው ጠይቄያቸው አላውቅም። ሳንቲሙን በእጄ እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። እኒያ እናት ይሙቱ ይኑሩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለካስ ያን ሁሉ ዓመት ገንዘብ ሰጠኋቸው እንጂ አንድ ቀን እንኳ ሰው አልሆንኋቸውም ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ዘመዳችን ላልሆነ፣ ጎረቤታችን ላልሆነ፣ ውለታችንን ሊመልስ ለማይችል ሰው ምን ዕዳ አለብን? ሳንቲም ጣል አድርገን ማለፍ ዕዳችንን ይከፍልልናልን?

እኛ ኢትዮጵያውያን በመረዳዳት አንታማም። ዕድራችንን እንመልከት። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል፣ ከቀብር የቀረውን አባል ይቀጣል። የጽዋ ማኅበሩ፣ ሰንበቴውም እንዲሁ ነው። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ዕድር መዝገብ አለው። በመዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረ፣ ወርኃዊ መዋጮውን የከፈለ ሰው በክብር ይቀበራል። ነገሩ ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ ነው። ጎዳና ላይ የሚያድረው፣ ልጆቹን ሁሉ ቀብሮ ብቻውን የቀረው ሽማግሌ፣ ቤተሰቡ የሰለቸው የአእምሮ ሕመምተኛ ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም።

ጌታችን ግብዣ ስናደርግ ብድር የሚመልሱልንን ወዳጆቻችንንና ባለጸጎች ጎረቤቶቻችንን ሳይሆን ድሆችን፣ አንካሶችንና ዕውሮችን እንድንጠራ ያስተማረው ስለዚህ ነው (ሉቃ. 14፥12-14)። ብድሩን የሚከፍል እርሱ ራሱ ነውና። እውነት ለመናገር መዝገቡን ማስፋት ይቻላል። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባፈረሰበት ዘመን አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ለሕሙማንና ወላጅ ላጡ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ለሙት የተተከለው ድንኳን ለሕያውም ሊያገለግል እንደሚችል አሳይተውናል።

ታዲያ «ስንቱን አንሥቼ እችለዋለሁ?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ከደጉ ሳምራዊ እንማር (ሉቃ. 10፥25-37)። ሳምራዊው ምን አደረገ? አስቀድሞ ወደ ቁስለኛው ቀረበ። ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን በገዛ እጁ አሰረ። በራሱ አህያ ላይ ጭኖት እርሱ በእግሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፣ ሌሊቱን አስታመመው፣ በማግስቱ ሁለት ዲናር አውጥቶ ለማደሪያው ጠባቂ ሰጠና ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ከዚያ በላይ የወጣውንም እንደሚከፍል ነገረው።

ሦስት ነገር ሰጥቷል ማለት ነው፤ እጁን፣ ገንዘቡንና መመለሱን። ሁሉን ለብቻው እችላለሁ አላለም። ማደሪያ ያስፈልገው ነበር፤ ጠባቂ ያስፈልገው ነበር። አባቶች ያቺን ማደሪያ በቤተ ክርስቲያን ይመስሏታል። ዛሬም በየከተማችን አረጋውያንን፣ ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚሰበስቡ የበጎ አድራጎት ማኅበራት እንደዚያ ማደሪያ ናቸው። እኛ በየመንገዱ የምናየውን ቁስለኛ ሁሉ ቤታችን ማስገባት ባንችል ማደሪያውን ማቆም እንችላለን።

ይህ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ከተማ ዳር ለድውያን፣ ለእንግዶችና ለድሆች ማረፊያ አሠርቷል። ጳጳስ ሆኖ ሳለ በለምጽ የተመቱትን ቀርቦ በገዛ እጁ ይንከባከባቸው እንደ ነበር ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ መስክሮለታል።

በሀገራችንም የቅርብ ምሳሌ አለን። ወ/ሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው ነበር። ወሎ ተርቧል። በመንገድ ላይ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። አልፈው አልሄዱም። ያችን ሕፃንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ሁለቱ ልጆች ብዙ ሆኑ። ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው አልወደዱላቸውም፤ እሳቸው ግን ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ከዚያ መከራ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ማሳደጊያ ተወለደ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ እናት ለሌላቸው ልጆች እናት ሆነው ኖሩ። እንግዲህ እሳቸው ለመሳለም ሄደው ሥራቸውን መንገድ ላይ አገኙት። እኛስ ለመሳለም ስንሄድ ስንቱን ተራምደን አልፈናል?

እንዲሁም በ2002 ዓ.ም. በጥቂት ሰዎች የተጀመረው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ከጎዳና ያነሣ ሆኗል። ስሙ ሲጠራ ቅዱስ ጳውሎስ በራእይ ያየውን፣ ተሻግሮ እንዲረዳቸው የለመነውን የመቄዶንያ ሰው ያስታውሰናል (ሐዋ. 16፥9)። መሻገር ማለት ደግሞ ሁልጊዜ ባሕር ማቋረጥ አይደለም። አንዳንዴ አስፋልት መሻገር ይበቃል።

ከዚህ በኋላ የምናቀርባቸው ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው «ገንዘቡን ይበሉታል» የሚል ነው። አዎን፣ የሚበላ አይጠፋም። ሳምራዊው ግን የማደሪያው ጠባቂ ይበላዋል ብሎ ቁስለኛውን መንገድ ላይ አልተወውም፤ ገንዘቡን ጥሎም አልጠፋም። እመለሳለሁ አለ እንጂ። እኛም ደረሰኝ እንጠይቅ፣ በአካል ሄደን እንይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ (ቁጥር 1113/2011) ድርጅቶች የሥራና የሒሳብ ሪፖርት በየዓመቱ እንዲያቀርቡ ያዛል። ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በታማኝነት የሚሠራውንም ያበረታዋል። ሳይጠይቁ መስጠት ግድየለሽነት ነው፤ በጥርጣሬ ብቻ አለመስጠት ደግሞ ንፍገት ነው።

ሁለተኛው «የራሴ ቤተሰብስ?» የሚል ነው። ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሃይማኖቱን እንደ ካደ ሐዋርያው ነግሮናል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። እናት አባቱን ረስቶ ለባዕድ የሚሮጥ ሰው አልተባረከም። ነገር ግን ቤታችን የፍቅራችን መነሻ እንጂ አጥር መሆን የለበትም።

ሦስተኛው «እኔ ምን አለኝ?» የሚል ነው። ጌታ ያመሰገናት መበለት ሁለት ሳንቲም ብቻ ነበራት (ማር. 12፥41-44)። ደግሞስ ምጽዋት ገንዘብ ብቻ ማን አለ? ፀጉር አስተካካይ መቀስ አለው። ነርስ እውቀት አላት። ልብስ ሰፊው መርፌ አለው። የሒሳብ ባለሙያው የማኅበሩን መዝገብ ያስተካክላል። ተማሪው ሕፃናቱን ያስጠናል። ምንም ሙያ የሌለው ሰው ገላ ያጥባል፣ ጥፍር ይቆርጣል፣ ሽንኩርት ይከትፋል። ይህም ያቃተው ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያጫውታቸዋል። ሰው ላጣ ሰው ደግሞ ከዳቦ ይልቅ ጨዋታ የሚርብበት ጊዜ አለ።

ጾሙም የሚረዳን እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሲቀሩ በዚህ ጾም አርባ ያህል ቀን ቁርስ እንተዋለን። የዚያ ቁርስ ዋጋ የት ገባ? ኪሳችን ውስጥ ከቀረ ጾምን ሳይሆን ቆጠብን። ለማታ ማዕድ ከተጨመረ ደግሞ ሰዓቱን አዛወርነው እንጂ አልጾምንም። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ስደተኛውን ድሃ ወደ ቤት ማስገባት እንደ ሆነ ያስተምረናል (ኢሳ. 58)። ከገበታችን ያነሣነው በሌላው ገበታ ላይ መገኘት አለበት። ከሥጋና ከወተት ስንርቅ የተረፈን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተረፈን ጊዜም አለ።

ይሁን እንጂ ስንሄድ እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ የታመመን ሰው እያጎረስን ፎቶ አንነሣ። ድህነቱ ለእኛ ጽድቅ ማስታወቂያ አይሁን፤ ግራ እጃችን ቀኛችን የምትሠራውን እንዳታውቅ ታዝዘናልና (ማቴ. 6፥1-4)። ሁለተኛ፣ በፋሲካና በገና ብቻ ተሰብስበን ሄደን ዓመቱን ሙሉ አንጥፋ። ሽማግሌ በሐምሌም ይርበዋል። ሦስተኛ፣ እንጠይቅ። ጌታችን ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን መፃጉዕን አስቀድሞ ፈቃዱን ጠየቀው። እኛ ግን ለራሳችን ያልበጀንን ቀዳዳ ልብስ ተሸክመን ሄደን «ውሰዱ» እንላለን። ምናልባት የሚያስፈልጋቸው ሳሙና ነው፤ ምናልባት የአዋቂ ዳይፐር ነው፤ ምናልባትም ማክሰኞ ከሰዓት ልብስ የሚያጥብ ሰው ነው።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። መፃጉዕ እኛ ነን። በኃጢአት ደዌ ተይዘን ስንኖር የሚያነሣን አልነበረንም። ካህኑም አለፈ፣ ሌዋዊውም አለፈ። ያን ጊዜ እግዚአብሔር ወልድ ከሰማይ ሆኖ መልካም ቃል ብቻ አልላከልንም፤ ሰው ሆነልን። ሰው የሌለን ነበርን፣ እርሱ ሰው ሆነን። ሥጋውንና ደሙን የምንቀበል ሰዎች እንግዲህ ለሌላው ሰው መሆን እንዴት ይከብደናል?

ስለዚህ በዚህ ጾም ከትልቅ ነገር አንጀምር። የአንድ ሰው ስም እንወቅ። ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይሁን ከመንደራችን መርጃ ማዕከል፣ የአንድ ሰው ስም፣ መኝታውን፣ ሕመሙን፣ የሚናፍቀውን እንወቅ። ከዚያ ተመልሰን እንሂድ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንመለስ። ቦታው ባዶ ሆኖ ብናገኘው «እገሌ የት ሄዱ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይኑር። በጸሎታችንም ስማቸውን ጠርተን እናስባቸው፤ እነርሱም በጸሎታቸው ያስቡናል።

ሰው ለሌለው ሰው የሆነ አምላክ፣ ለወገኖቻችን ሰው የምንሆንበትን ልብ ይስጠን። ጾማችንን ይቀበልልን፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።