የወታደር መቃብርና የቤተ ክርስቲያን አደራ

ንባብ፦ 2ኛ ሳሙኤል 21፥1-14

ቤተ ክርስቲያን በጦርነት የሞተውን ሰው በአጥሯ ውስጥ ስትቀብር ምን ማድረጓ ነው? ጦርነቱን መባረኳ ነውን? ወይስ የሞተው ሰው ጻድቅ እንደ ሆነ መመስከሯ ነው? ከብዙ ቤት ልጅ ወጥቶ ባልተመለሰበት በእኛ አገር ይህ ጥያቄ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን በወንጌላውያን ታሪክ ከታወቀ ከአንድ ስፍራ ጀምረን እንመርምረው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በጀርመን አገር፥ ከላይፕሲግ ከተማ በስተ ምዕራብ፥ በሉትሰን ሜዳ አጠገብ ሞይኽን የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አለች፤ በእርስዋም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ኖቬምበር 16 ቀን 1632 ዓ.ም. የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ በዚያ ሜዳ ከንጉሠ ነገሥቱ የጦር አዛዥ ከዋለንሽታይን ጋር ተዋጋ። ጭጋግ ሜዳውን ሸፍኖት ነበርና ንጉሡ ከጭፍሮቹ ተለይቶ በጠላት መካከል ወደቀ፤ ዕድሜውም 37 ዓመት ነበረ። ሬሳውን ልብሱ ተገፎ ከሌሎች ሙታን መካከል አገኙትና በዚያች ሌሊት ወደ ሞይኽን ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። አናጢነት ያውቅ የነበረው የመንደሩ መምህር የእንጨት ሣጥን እንደ ሠራለት በአገሬው ይነገራል። በኋላም አስከሬኑ ባሕር ተሻግሮ በ1634 ዓ.ም. በስቶክሆልም በክብር ተቀበረ። በወደቀበት ስፍራ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ፤ በ1907 ዓ.ም. ደግሞ የጸሎት ቤት ተሠራበት።

በዚያ ቀን ግን ከሁለቱ ወገን በሺህ የሚቈጠሩ ወታደሮች ሞተዋል። የእነርሱስ መቃብር ወዴት ነው? በ2011 ዓ.ም. የጥንት ቅርስ መርማሪዎች ሜዳውን ሲቈፍሩ አንድ ጕድጓድ አገኙ፤ 47 ሰዎችም በአንድነት ተጋድመውበት ነበር። ብዙዎቹ በጥይት የተመቱ ነበሩ፤ ልብሳቸውም ተገፎ ነበር። አጥንታቸው ስለ ዕድሜያቸውና ስለ ቍስላቸው ብዙ ነገር አስረድቶአል፤ ስማቸውን የሚነግረን ግን ማንም የለም። እንግዲህ ንጉሡም ተገፎ ወደቀ፥ እነርሱም ተገፈው ወደቁ። ሞት አላዳላም፤ ያዳላው የሰው መታሰቢያ ነው።

የዚህ ንጉሥ ስም በሉተራውያን ዘንድ የተከበረ ነው። በ1832 ዓ.ም. ተበትነው የሚኖሩትን ወንጌላውያን የሚረዳ ማኅበር በስሙ ተመሠረተ። ከእርሱም አገር የተነሡ ሚስዮናውያን በ1866 ዓ.ም. ምጽዋ ደርሰው ወንጌልን ለእኛ አገር ሰበኩ። ስለዚህ ሰማዕት ብለን ልንጠራው ልባችን ይፈልግ ይሆናል። ነገር ግን እውነቱን ልንሸሽገው አይገባም። ለዚህ ጦርነት ከ1631 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ ይሰጥ የነበረው የካቶሊኮች መንግሥት ፈረንሳይ ነበረ። የእምነት ጥበቃና የመንግሥት ጥቅም በአንድ በቅሎ ተጭነው ሲሄዱ አንዱን ጭነት ከሌላው የሚለይ ማን ነው?

ሉተር በ1526 ዓ.ም. ወታደሮችም ይድኑ እንደ ሆነ የሚመረምር መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ጌታው በዐመፅ እንደሚዋጋ በርግጥ የሚያውቅ ወታደር ከሰው ይልቅ እግዚአብሔርን ፈርቶ ይተው፤ በርግጥ የማያውቅ ግን ስለ ጥርጣሬ ብቻ መታዘዝን አይተው ብሎ አስተማረ። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ በአንድ ጕድጓድ የተጋደሙት ሰዎች በእግዚአብሔር ፊት የቆሙት እያንዳንዳቸው በየኅሊናቸው ነው። የጠራቸው ሰንደቅ ዓላማ ስለ እነርሱ መልስ አይሰጥም።

እንዲህ ያለ ሜዳ በእኛ አካባቢም አለ። በ1941 ዓ.ም. ከፌብሩዋሪ እስከ ማርች በከረን ተራሮች ታላቅ ጦርነት ሆነ። ዛሬ በዚያ የእንግሊዝ መንግሥት ወታደሮች መቃብር አለ፤ በእምነታቸው ሥርዓት ለተቃጠሉት የሂንዱና የሲክ ወታደሮችም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በኢጣልያኖች መካነ መቃብር ደግሞ የአገሩ ልጆች የሆኑት አስካሪዎች ተቀብረዋል፤ በብዙዎቹ ድንጋይ ላይ የተጻፈው ስም አይደለም፥ ያልታወቀ የሚል ቃል ብቻ ነው። አንዱ ባንዳ ይለዋል፥ ሌላው ጀግና ይለዋል፤ የወለደችው ግን ልጄ ትለዋለች።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «መንደሬን ያቃጠለውና መንደሬን የጠበቀው በእኩል ክብር ይቀበሩ ማለታችሁ ነውን? ፍርድስ ወዴት አለ?» ቢለን ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ግፍን ግፍ ማለት ይገባናል፤ በሕይወት ያለው በዳይም በሕግ ፊት ይቁም። መቃብር ግን የፍርድ ቤት ወንበር አይደለም። ሳኦል በገባዖን ሰዎች ላይ ደም ያፈሰሰ ሰው ነበረ። ሪጽፋ ግን ስለ ሳኦል በደል የተሰቀሉትን ልጆች ሬሳ ከሰማይ ወፎችና ከምድር አራዊት ቀንና ሌሊት ጠበቀች። ዳዊትም ያደረገችውን በሰማ ጊዜ የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት፥ የተሰቀሉትንም አጥንት አሰበሰበ። መጽሐፍ እንደሚነግረን ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የቀረበውን ልመና ሰማ። ዳዊት አጥንቱን ሲቀብር የሳኦልን በደል አላጸደቀም፤ ፍርዱን ለባለቤቱ ተወው እንጂ።

በእኛ አቈጣጠር ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በሆነው ጦርነት ብዙ ልጆች ሞተዋል፤ ሬሳቸውን ያላዩ፥ ለቅሶ ተቀምጠው ያልተጽናኑ እናቶችም በየጉባኤያችን አሉ። እነዚህን እናቶች ልጅሽ በየትኛው ወገን ተሰለፈ ብለን ከጠየቅን በኋላ የምናጽናና ከሆነ፥ ከሪጽፋ አልተማርንም ማለት ነው።

ስለዚህ ሽማግሌዎችና አገልጋዮች ሆይ፥ የሟቾችን ስም በመዝገብ ጻፉ፤ የማይታወቀውንም እንግዳ በጸሎት ቅበሩ። በመቃብር አፍ ላይ ቂም አትስበኩ፤ ያለ ክርስቶስም ለማንም ጽድቅን አትስጡ። ለንጉሡ ሣጥን እንደ ሠራው አናጢ የእኛ ፈንታ ሙታንን በክብር ማሳረፍ ነው። በዚያ ጕድጓድ የነበሩትን የ47ቱን ሰዎች ስም የሚያውቅ ጌታ ግን በትንሣኤ ቀን እያንዳንዳቸውን ይጠራቸዋል።