ስለሚያፏጨው የሸክላ ዕቃ

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ የወንጌልን መዝገብ የተሸከምነውን እኛን በሸክላ ዕቃ መስሎናል። ይህ ሲተረጐም አብዝቶ የሚነገረው ሸክላ ፈጥኖ መሰበሩ ነው፤ ዛሬ ግን ሸክላ ድምፅ ስለሚሰጥበት ነገር እንናገራለን።

በደቡብ አሜሪካ፤ በአንዴስ ተራሮችና በባሕሩ መካከል፤ በዛሬዎቹ በኤኳዶርና በፔሩ ምድር፤ የቾሬራ፤ የቪኩስ፤ የሞቼና የቺሙ ሰዎች የሚያፏጭ የሸክላ ዕቃ ይሠሩ ነበር። ሥራው ከክርስቶስ ልደት አስቀድሞ የተጀመረ ነው፤ እስፓኛውያን በ1532 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ሲደርሱም ገና አልጠፋም ነበር። ከዕቃዎቹ ብዙዎቹ ሁለት ሆድ አላቸው፤ ሆዶቹም ከታች በሸክላ ቧንቧ ይገናኛሉ። በአንዱ ላይ ረዥም አንገት ይቆማል፤ በሁለተኛው ላይ ወፍ ወይም ሰው ወይም ጦጣ ተቀርጾ፤ በምስሉ ውስጥ ወይም ከኋላው ትንሽ ፊሽካ ተሰውራለች። ውሃ ጨምረው ዕቃውን ዘንበል ሲያደርጉት ውሃው ወደ ሁለተኛው ሆድ ያልፋል፤ በዚያ የነበረውንም አየር ገፍቶ በፊሽካዋ ያስወጣዋል። የሚያየው ሰው ግን ወፊቱ የዘመረች ይመስለዋል። በአፍ ቢነፉትም ይጮኻል፤ በ1977 ጋሬትና ስታትኔኮቭ የተባሉ ተመራማሪዎች ብዙዎቹን መርምረው የአንድ ሕዝብ ዕቃዎች ድምፅ እርስ በርሱ እንደሚቀራረብ ጽፈዋል።

«ወንጌል ያልደረሳቸው ሰዎች በመቃብር የቀበሩት ዕቃ ለእኛ ምን ያስተምረናል?» የሚል አይጠፋም። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ተልኳል፤ ሰሎሞንም ሰነፉን ወደ ገብረ ጉንዳን ልኮታል፤ ገብረ ጉንዳንም አልተጠመቀችም።

እንግዲህ ውሃ የሌለበት ዕቃ ቢያዘነብሉት አይጮኽም። እስከ አፉ የተሞላውም አይጮኽም፤ አየር የሚያድርበት ስፍራ አልቀረለትምና። የመጀመሪያውን ሁላችን እናውቃለን፤ ያልተማረ ምን ያስተምራል እንላለን። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። ዜማውን ዘልቆ፤ ብሉዩንና ሐዲሱን አካሂዶ፤ በራሱ ዕውቀት እስከ አፉ የሞላ መምህር ለመንፈስ ቅዱስ ምን ስፍራ አስቀረለት? ምእመናን አንድ ሰዓት ሙሉ ሰምተውት እንደ ተጠሙ ይመለሳሉ፤ ከእነርሱም መካከል ለንስሐ የመጣ፤ ሌላ ሰንበት የማይደርስ ሰው ይኖር ይሆናል። አባታችን አዳም እንኳ ከአፈር ተበጅቶ ሲያበቃ እስትንፋስ እስኪገባበት ድረስ ቃል አልወጣውም።

ደግሞም ቀጥ ብሎ የቆመ ዕቃ፤ ውሃም አየርም ቢኖረው፤ ካልተዘነበለ ዝም ይላል። ስለዚህ ለስብከት የሚወጣ ካህን አስቀድሞ በመቅደሱ ፊት ይስገድ፤ ስግደቱንም አያስቸኵል። ሕዝቡም ጥቂት ቢታገሡት መልካም ነው፤ ስብከቱ አያመልጣቸውም።