የተወጋ ሲረሳ

ሽማግሌዎቹ የመጡት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ነበሩ። ከኋላቸው አንዲት እናት ድንጋይ ተሸክማ ልትገባ ስትል እናቴ በር ላይ ሮጣ፣ «ኧረ በፈጠረሽ!» ብላ አወረደችላት። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ቀረበ። በመካከላቸው አንገቱን የደፋ አንድ ልጅ ተቀምጧል። ልጅ የምለው ከእኔ ስለሚያንስ ነው፤ ቢበዛ ሃያ ሁለት ቢሆነው ነው። መንገድ ላይ ባገኘው ዝም ብዬ የማልፈው ሰው ነው። ትልቁ ሽማግሌ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ወጣትነት ስህተት ተናገሩ። እርቅ አሉት፣ አራራ አሉት። የልጁ እንባ ዱብ ዱብ ይላል። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቅር በይው፣ ልጄ።»

እኔ በልቤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ምኑን?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ይህን ተረት የፈጠረው ሰው በጦር ስለተወጋ ሰው ነው ያሰበው። ጭንቅላቱን ስለተመታ ሰው አላሰበም። የተወጋሁት እኔ ነኝ፤ የረሳሁትም እኔ ነኝ። የወጋው ልጅ ግን ሁሉንም ነገር ያስታውሳል፤ ሲያለቅስ ያየሁትም ለዚያ ነው።

የሆነውን ልንገራችሁ። ማለቴ፣ የነገሩኝን። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አዳማ ውስጥ የአክስቴ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ እሠራ ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ሱቁን ዘግቼ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ አንድ ሚኒባስ ለመቅደም ሲል ባጃጁ ተገለበጠ፣ ጭንቅላቴ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ያንኑ ሌሊት በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ወሰዱኝ። በፈጣን መንገዱ ስንት ጊዜ እንደሄድኩበት፣ ያቺን አንዷን ጉዞ ግን እናቴ ናት የምታውቃት። ራስ ቅሌ ውስጥ የፈሰሰው ደም በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከአደጋው ቀን ጠዋት ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ቀን የለኝም።

የሚገርመው፣ ከእነዚያ ቀናት አብዛኞቹን ነቅቼ ነበር። አወራ ነበር። ጠያቂ ሲመጣ በስሙ እጠራው ነበር፣ «ቡና አፍሉለት» እል ነበር አሉ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቼ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ሰው እንደ አዲስ «እንዴ! መቼ መጣህ?» እለዋለሁ።

ሐኪሞች የተጎጂውን ንቃት የሚለኩበት ግላስጎው የሚባል መለኪያ አለ። በ1974 እ.ኤ.አ. በዚያው ከተማ ሁለት ሐኪሞች ያወጡት ነው፤ ዓይን መግለጥን፣ መናገርን፣ መንቀሳቀስን ይደምርና ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። እኔ በአራተኛው ቀን ዓይኔን ገልጬ እያወራሁ ነበር። ነጥቤ ጥሩ ነበር። እኔ ግን አልነበርኩም።

ትዝታው አንድ ቀን ይመለስልኛል ብዬ ብዙ ጠብቄያለሁ። አንድ ሐኪም ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። አንጎል ያየነውን ሁሉ ወዲያው አያስቀምጥም፤ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍሉ ነገሩን ይዞ፣ ሰብስቦ፣ ቀስ እያለ ነው የሚያጸናው። በዚያ መሃል ምት ከመጣ ገና ያልጸናው ይበተናል። ከአደጋው በፊት የነበሩ አንዳንድ ቀናት ቀስ በቀስ ሊመለሱ ይችላሉ። የአደጋዋ ቅጽበት ግን ተደብቃ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ አልተጻፈችም። ካልተጻፈ ደብተር ምን ታነባላችሁ?

አሁንም አዲስ ነገር ለመያዝ እቸገራለሁ። ምድጃ ላይ የጣድኩትን እረሳለሁ። ለእናቴ አንድን ወሬ በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ እነግራታለሁ፤ እሷም ሦስቱንም ጊዜ «ውይ፣ እውነት?» ትላለች። ስለዚህ ደብተር ይዣለሁ። ሱቅ እያለሁ የዱቤ ደብተር እይዝ ነበር፤ ማን ምን እንደወሰደ፣ ስንት እንደቀረበት። አሁን ደግሞ የራሴን ሕይወት በዱቤ የወሰድኩ ይመስል ቀን በቀን እጽፋለሁ።

መጻፍ ስጀምር ከዚህ በፊት ልብ ያላልኩትን ነገር አየሁ። በአማርኛ ስናስታውስ «ትዝ አለኝ» እንላለን። ትዝ የሚለው ነገሩ ነው፤ እኔ ተቀባይ ነኝ፣ እንደ እንግዳ ይመጣብኛል። ስንረሳ ግን «ረሳሁ» ነው። አድራጊዋ እኔ ነኝ። ማስታወስ ስጦታ፣ መርሳት ጥፋት። «ረሳሽኝ አይደል?» የሚል ሰው መረጃ እየጠየቀ አይደለም፤ እየከሰሰ ነው። ደግነቱ «ጠፋኝ» የሚል ቃልም አለን። «ስምህ ጠፋኝ» ስል ጥፋቱ የስሙ ነው፣ የእኔ አይደለም። ካገገምኩ ወዲህ «ጠፋኝ» ማለት አብዝቻለሁ። ሁልጊዜ ግን እንደማያስኬደኝ ያወቅኩት በጓደኛዬ ነው።

ይህቺ ጓደኛዬ ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ጸጉሬን ታጥበኛለች፣ መድኃኒቴን ትቆጥራለች፣ ሳዛጋ ትራሴን ታስተካክላለች። አንድ ቀን፣ እየተሳሳቅን ሳለን፣ ድንገት ዝም አለችና «አንድ ነገር ልንገርሽ?» አለችኝ።

«አንቺ ከመጎዳትሽ በፊት አራት ወር ተኳርፈን ነበር።»

ሳቅኩ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። እሷ አልሳቀችም። አባቷ ሲሞት ለቅሶ አልሄድኩም። ቀብር አልሄድኩም፣ አልደወልኩም፣ ኋላ መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብያታለሁ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለምን እንዳልሄድኩ አላውቅም። አባቷን አስታውሳለሁ፤ ልጅ ሆነን ከረሜላ የሚገዙልን ሰው ናቸው። መሞታቸውን ግን ያን ቀን፣ ከእሷ አፍ፣ እንደ አዲስ ሰማሁ።

«ሆስፒታል ስመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ አቀፍሽኝ» አለችኝ። «በቃ፣ ልተወው አልኩ። ግን አልቻልኩም። አንቺ ረስተሽዋል፣ እኔ አልረሳሁትም። ይቅርታም አልጠየቅሽኝም።»

ይኸው፣ የወጋ ረሳ። ተረቱ በትክክል ሠራ፣ በእኔ ላይ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያው ስሜቴ ንዴት ነበር። ያላደረግኩትን እንዴት ይቅርታ እጠይቃለሁ? አዎ፣ በእኔ እግርና በእኔ አፍ ነው የተፈጸመው። ግን ያቺ ልጅ የት አለች? ብፈልጋት አላገኛትም። ከእኔ ይልቅ ጓደኛዬ ናት የምታውቃት።

ይህን ጥያቄ የጠየቅኩት የመጀመሪያዋ ሰው እኔ አይደለሁም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ስለ ሰው ልጅ መረዳት በጻፈው መጽሐፍ፣ በ1694 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ እትም፣ አንድ ምዕራፍ ጨመረበት። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድን ሰው ትናንትና ዛሬ ያው ሰው የሚያደርገው ሥጋው ሳይሆን ንቃቱ ነው። ያለፈ ድርጊቱን በውስጡ እንደ ራሱ አድርጎ ሊደርስበት የሚችለውን ያህል፣ እስከዚያ ድረስ ያው ሰው ነው። ለሎክ ይህ የፍርድ ጉዳይም ነበር፤ ሽልማትና ቅጣት የሚያርፉት በዚያ ማንነት ላይ ነው። እንደ ሎክ ከሆነ ለቅሶ የቀረችው እኔ አይደለሁም። እፎይ!

እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም። ቶማስ ሪድ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1785 እ.ኤ.አ. አንድ ምሳሌ አመጣ። ልጅ ሆኖ ፍራፍሬ ሰርቆ የተገረፈ፣ ወጣት መኮንን ሆኖ የጠላትን ሰንደቅ የማረከ፣ ሸምግሎ ጄኔራል የሆነ ሰው አስቡ። መኮንኑ ግርፋቱን ያስታውሳል። ጄኔራሉ ሰንደቁን ያስታውሳል፣ ግርፋቱን ግን ረስቷል። በሎክ ስሌት ጄኔራሉ መኮንኑ ነው፣ መኮንኑ ልጁ ነው፣ ጄኔራሉ ግን ልጁ አይደለም። ይህ ሊሆን አይችልም።

ደግሞ ሌላ ሰው አለ፣ ሄንሪ ሞላይሰን። በ1953 እ.ኤ.አ.፣ በ27 ዓመቱ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ ተብሎ ከሂፖካምፐሱ ትልቅ ክፍል ከግራም ከቀኝም ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 2008 ድረስ አዲስ ትዝታ መያዝ አቃተው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ በመስታወት ብቻ እያየ ኮከብ በእርሳስ እንዲከብ ታደርገው ነበር። በየቀኑ «ይህን ሠርቼ አላውቅም» ይላል፤ እጁ ግን በየቀኑ እየተሻለው ሄደ። ይህን ሳነብ የራሴን እጅ አየሁ። ሱቁ ተመልሼ የገባሁ ቀን ጨርቅ አንሥቼ ስለካ ጣቶቼ አልተሳሳቱም። ሰው ከሚያስታውሰው በላይ ነው። የረሳሁት ነገር እንኳን እኔ ውስጥ ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ከፈላስፎቹ ይበልጥ የረዳኝ ግን ከተማዬ ነው። አዲስ አበባ መናኸሪያ ስትሄዱ ረዳቱ «ናዝሬት! ናዝሬት!» ብሎ ይጣራል። መታወቂያዬ ላይ አዳማ ነው። አዳማ ከኦሮምኛው የቁልቋል ስም የመጣ ነው ይላሉ፤ ናዝሬት የንጉሡ ዘመን ስም ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ስትሄዱ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ነበረች፤ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ዝዋይ ባቱ ናት። በአንድ መኪና ውስጥ አንዱ በዚህ ስም ይሳፈራል፣ ሌላው በዚያኛው፤ ሁለቱም አንድ ቦታ ይወርዳሉ። ስሙን በተመለከተ ብዙ ቁስል አለ፣ ቀላል ነው አልልም። ግን ከተማዋ አንድ የሆነችው ራሷን ስለምታስታውስ አይደለም። የሚያስታውሷት፣ የሚመለሱባት፣ ስለሷ የሚከራከሩ ሰዎች ስላሉ ነው። የእኔም አሥራ ዘጠኝ ቀን የጠፋ ሳይሆን ሰው እጅ ያለ ነው። እናቴ ጋ አለ። ጓደኛዬ ጋ ያ የቀረሁበት ለቅሶ አለ። አደራ ነው። አደራ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ሲመለስለት «ይህ የእኔ አይደለም» አይልም።

ስለዚህ ለጓደኛዬ ሄድኩ። «አላስታውሰውም» አልኳት፤ «ግን አንቺን አምናለሁ። ካልሽ አድርጌዋለሁ። ይቅርታ።» ከዚያ ለቅሶ ደረስኳት፣ በዓመት ከምናምን ዘግይቼ፤ ነጠላ አዘቅዝቄ። እናቷ ሲያዩኝ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ለእኔ አባቷ ገና አሁን ነው የሞቱት። «ጠፋኝ» ብዬ ብቆም ኖሮ ትክክል ነበርኩ፤ ጓደኛ ግን አይኖረኝም ነበር።

እንግዲህ ያ እሑድ ሲመጣ ይህን ሁሉ ይዤ ነበር የተቀመጥኩት። ይቅርታ መጠየቅ ያለ ትዝታ እንደሚቻል አውቄያለሁ። ይቅር ማለትስ?

ቀላሉ መንገድ ነበረ። ምንም ስለማላስታውስ ቂምም የለኝም፤ «ይቅር ብዬሃለሁ» ብል ምንም አያስከፍለኝም። ችግሩም ይኸው ነው። «ይቅር» የሚለው ቃል «ቀረ» ከሚለው ነው፤ ይቅር ማለት ይተው፣ ወደ ኋላ ይቅር ነው። እጄ ላይ የሌለ ነገር እንዴት ይቀራል? ያልያዝኩትን ብጥል ጣልኩ አይባልም። ልጁ ደግሞ ድንጋዩን ተሸክሞ እንደመጣ ይመለሳል፤ እናቱ ብታወርደውም።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹን አስፈቅጄ «ንገረኝ» አልኩት።

አልገባውም። «ምን ልንገርሽ እህቴ?»

«የሆነውን። ከተሳፈርኩ ጀምሮ።»

ትልቁ ሽማግሌ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ቁስል መነካካት ይሆናል ብለው ነው። ልጁ ግን ሲጠብቀው የኖረ ይመስል ጀመረ። የት እንደያዝኩት፣ ጨርቅ የሞላ ፌስታል ይዤ እንደነበር፣ ስልክ እያወራሁ እንደምስቅ ነገረኝ። «ቀስ በል» ብዬው ነበር። ሁለት ጊዜ። ሰምቶኝ ነበር። ሲገለበጥ የሰማውን ድምፅ ነገረኝ። ከዚያ ሊሮጥ አስቦ እንደነበር፣ አሥር እርምጃ ያህል ሮጦ እንደተመለሰ፣ ጭንቅላቴን በራሱ ሹራብ ይዞ መኪና ሲለምን እንደቆየ። የሮጠውን ለፖሊስም ለእናቱም አልተናገረም ነበር። እናቱ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

«ቀስ በል» ማለቴን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደድኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ያቺ የምትስቅ፣ ፌስታል የያዘች ልጅ እኔ ነበርኩ፤ ነግሬው ነበር! አሁን የሚቀር ነገር አገኘሁ። ከባድ ነበር። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ በረካ እስኪቀዳ ድረስ ዝም አልኩ፤ ማንም አልገፋኝም።

ከዚያ ይቅር አልኩት። የፖሊሱ ጉዳይ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ ያ የመንግሥት ነው። ይህኛው ግን የእኔ ነበር።

«ይቅር በል፣ እርሳ» ይሉናል፣ ሁለቱ አንድ የሆኑ ይመስል። ለእኔ ተቃራኒ ናቸው። እኔ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ከረሳሁ መጀመሪያ የሚጠፋብኝ በደሉ ሳይሆን ይቅርታው ሊሆን ይችላል። ራስ ምታቱ ሲነሣብኝ አንዳንድ ጠዋት ንዴቱ ብቻውን ይመጣል፤ እሑዱ፣ ቡናው፣ እንባው የለም። ያኔ ደብተሬን እከፍታለሁ። የዚያን ቀን ማታ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፣ ድሮ ዱቤው ተከፍሎ ሲያልቅ እንደምጽፈው።

«የነገረኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሮጦ ተመልሷል። ይቅር ብዬዋለሁ።»

አነበዋለሁ። መጻፌን ባላስታውስ እንኳ ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ አምነዋለሁ።