ጾም፣ ልማድና ፈቃድ

በወጣትነት የተያዘ ልማድ ብዙ ጊዜ እስከ እርጅና ይዘልቃል። የሚጸናው ግን በግለሰቡ ፈቃድ ነው ወይስ በማኅበረሰቡ ሥርዓት? በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ለዚህ ጥያቄ ቅርቡ ምሳሌ ጾም ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 7 የአዋጅ አጽዋማት አሏት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ከበዓለ ሃምሳ፣ ከልደትና ከጥምቀት በቀር ይጾማሉ።

ቤተሰቡም ጎረቤቱም ስለሚጾም ወጣቱ ከምግብ ፍላጎቱ ጋር ብቻውን አይታገልም፤ ሥርዓቱ ይደግፈዋል። አርስቶትል መልካም ጠባይ በተደጋጋሚ ሥራ ይገኛል ማለቱ ከዚህ ጋር ይስማማል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ከምግብ መከልከልን ብቻውን ጾም አይለውም፤ ዓይንም አንደበትም መጾም አለባቸው።

ልዩነቱ የሚታየው ሥርዓቱ ሲላላ ነው። በልማድ ብቻ የጾመ ሰው ጾም ሲፈታ በሥጋና በአረቄ ልኩን ሊያልፍ፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከቀዬው ሲርቅም ሁሉን ሊተው ይችላል። የጾሙን ዓላማ የተረዳ ግን በፍስክም መጠኑን ይጠብቃል። ስለዚህ ሥርዓት ልማድን ያስጀምራል፤ ዕድሜ ልክ የሚያዘልቀው ግን በማስተዋል የተያዘ ፈቃድ ነው።