ደፍሮ አመነ

ንባብ፦ ሌሊሳ ዴሲሳ ደፍሮ አመነ፤ በዶሃ በእኩለ ሌሊት ሮጦ አሸነፈ።

«በእኩለ ሌሊት» አለ። መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ሯጭ ሌሊሳ ያሸነፈበት የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የወንዶች ማራቶን ለሌሊቱ 6 ሰዓት 1 ደቂቃ ሲቀረው ተጀመረ። ስለ ምን በሌሊት ቢሉ፥ የዶሃ ቀን በመስከረምም አያስሮጥምና። አንድም አዘጋጆቹ ራሳቸው ያልተሞከረውን ደፈሩ ሲል ነው፤ ከዚያ በፊት የሻምፒዮናው ማራቶን በእኩለ ሌሊት ተሮጦ አያውቅም። ኮርኒሽ በተባለው የባሕር ዳር ጎዳና 7 ኪሎ ሜትሩን ዙር ስድስት ጊዜ አስዞሯቸው።

«ደፍሮ አመነ» አለ። ያመነ ሁሉ ይጨርሳል ሲል ነው። እንዲህስ ከሆነ ስለ ሴቶቹ ምን እንላለን? በዚያው ጎዳና፥ በደመራው ዕለት ሌሊት፥ ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ ኢትዮጵያውያቱ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጄና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም አልጨረሱም። እምነት ጎድሏቸው ነውን ቢሉ፥ አይደለም፤ ሙቀቱ 32 ዲግሪ፥ የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ነበርና። በእርጥብ አየር ላብ ቶሎ አይተንም፤ ላብ ካልተነነ ገላ አይበርድም። ወንዶቹ በሮጡበት ሌሊት ሙቀቱም እርጥበቱም ቀንሶ ነበር። ስለዚህ ያመነ ሁሉ ይጨርሳል የሚለውን ትርጓሜ አንቀበለውም፤ ሰውነትን ሰምቶ መውጣትን ክህደት ያደርገዋልና።

አንድም ደፍሮ አመነ ማለቱ እየተሸነፈ ደጋግሞ ሞከረ ሲል ነው። ይህ ይሻላል። ሌሊሳ በኒው ዮርክ ማራቶን እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለተኛ፥ በ2015 ሦስተኛ፥ በ2017 ዳግመኛ ሦስተኛ ወጣ፤ በ2018 አሸነፈ። በዓለም ሻምፒዮናም በ2013 ሞስኮ ላይ በኡጋንዳዊው ስቴፈን ኪፕሮቲች ተቀድሞ ብር ወስዶ ነበር። ሽንፈት የጎደለውን ያሳያል፤ አሸንፋለሁ ብሎ ያላመነ ግን ጉድለቱ ወደሚታይበት መስመር ከቶ አይወጣም። ማመኑ ለመሞከር፥ መሞከሩ ለመታረም አበቃው።

«አሸነፈ» አለ። በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገባ፤ ሞስነት ገረመው ተከተለው። ለአገሩ አሸነፈ ሲል ነው፤ ገዛኸኝ አበራ እ.ኤ.አ. በ2001 ኤድመንተን ላይ ካሸነፈ ወዲህ የወንዶቹ ማራቶን ወርቅ ለ18 ዓመት ከኢትዮጵያ ርቆ ነበርና። አንድም የሚያዝያውን ሌሊሳ አሸነፈ ሲል ነው፤ እኛ የምናጸናው ይህን ነው። ዶሃ በተሮጠበት ዓመት፥ እ.ኤ.አ. በ2019፥ ሚያዝያ ላይ በቦስተን ማራቶን በኬንያዊው ላውረንስ ቼሮኖ በ2 ሰከንድ ተቀድሞ ነበር፤ መስከረም ላይ በዶሃ በ4 ሰከንድ ቀደመ።