አደራውን የበላው ማን ነው?

አደራ ከሸክም ሁሉ ይከብዳል። ሰው የራሱን ገንዘብ ቢያጠፋ የሚጐዳው ራሱ ነው፤ የሌላውን ቢያጠፋ ግን ያመነውን ሰው ይጐዳል። አባቶቻችን ሌባን ሌባ ብለው ሲያልፉት፣ የተቀበለውን ያጐደለውን ግን «አደራ በላ» የሚል የተለየ ስም የሰጡት ስለዚህ ይመስለናል። ሌባ ገንዘብን ብቻ ይወስዳል፤ አደራ በላ ግን ከገንዘቡ ጋራ እምነትንም ይወስዳልና።

በዘመናችን ካሉት አደራ ተቀባዮች አንዱና ታላቁ ባንክ ነው። ነጋዴውም ደመወዝተኛውም ገንዘቡን የሚያኖረው በማያውቀው ሰው እጅ ነው። እንግዲህ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ባሉበት ቤት ውስጥ ይህ አደራ የተበላ እንደ ሆነ፣ በዳዩ ማን ነው? ፊርማውን ያስመሰለው እጅ ነውን? ወይስ እጁን ያስገደደው ትእዛዝ? ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከምናወጣና ከምናወርድ፣ በእውነት በተፈጸመ ነገር ብንመረምረው ይሻላል።

ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ለእያንዳንዱ ደንበኛ 8 ዐይነት አገልግሎት ለመሸጥ ዓላማ አድርጎ፣ በየቅርንጫፉ ላሉ ሠራተኞች የሚሞሉትን ቍጥር ይመድብላቸው ነበር። ቍጥሩን ያልሞላ ሠራተኛ ከሥራው እንዳይባረር ይፈራል። ከፍርሃቱም የተነሣ ብዙዎቹ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብ ይከፍቱ፣ ፊርማውንም ያስመስሉ ጀመር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ነገሩ በይፋ ሲገለጥ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ከፈለ፤ 5,300 ያህል ሠራተኞችንም በዚሁ ምክንያት ማሰናበቱን አስታወቀ። ያለ ፈቃድ የተከፈቱት ሒሳቦች እስከ 3 ሚሊዮን ተኩል ሊደርሱ እንደሚችሉም በ2017 ተነገረ። በ2020 ባንኩ ሌላ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ዋናው ሹም ጆን ስተምፍ 17 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ከፍሎ ከባንክ ሥራ ታገደ። የቅርንጫፎቹ የበላይ የነበረችው ኬሪ ቶልስተት የመንግሥትን ምርመራ በማሰናከል ጥፋተኛ ሆና፣ በ2023 የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት ተፈረደባት፤ ወህኒ ግን አልወረደችም።

እንግዲህ ሚዛኑን እንመልከት። ታናናሾቹ አስቀድመው እንጀራቸውን አጡ። ታላቁ መቀጫ የተከፈለው ከባንኩ ገንዘብ ነው፤ ይህም ማለት ትእዛዙን ካልሰጡት ከአክሲዮን ባለቤቶች ኪስ ነው። ትእዛዙን የሰጡት ግን ከሀብታቸው ቢጐድልባቸውም በየቤታቸው ኖሩ።

የታላቅ ቤት ሹም በየመስኮቱ የሚሠራውን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ትርፉ ሲመጣ «በእኔ አመራር ነው» ብሎ ሽልማት የተቀበለ ሰው፣ ጥፋቱ ሲመጣ «አላወቅሁም» ቢል ማን ያምነዋል? ደግሞም አለማወቅ ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ የሚነግር ማጣት ነው፤ ሁለተኛው የሚነግረውን ዝም ማሰኘት ነው። በዚሁ ባንክ የማጭበርበር ጥርጣሬውን ለአለቆቹ አመልክቶ የተባረረ አንድ ኀላፊ ነበር፤ የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በ2017 ወደ ሥራው እንዲመለስና 5.4 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈለው አዝዟል። ነጋሪውን የሚያባርር ቤት አላወቅሁም ሊል አይገባውም።

ይህን ስንል ታዛዡን ከበደል ነጻ ማውጣታችን አይደለም። የልጆቹ እንጀራ እንዳይቋረጥ ፈርቶ የሰው ፊርማ ያስመሰለ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል እንጂ በደሉ አይጠፋለትም። ፍርሃት ጥፋትን ያሳንሳል፤ አይሽርም። የምንቃወመው ቅጣቱ ከታች መጀመሩን ሳይሆን፣ ወደ ላይ ሳይደርስ መድከሙን ነው። ወደ ላይ መድረስ የሚቻል ለመሆኑ አይስላንድ ምስክር ናት። ሦስቱ ታላላቅ ባንኮቿ በ2008 በወደቁ ጊዜ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሾማ አስመረመረች፤ የካውፕቲንግ ባንክ ዋና ሹም የነበረው ሰውም በ2013 የ5 ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቈጨኛለች» ይባላል። ሕዝብን የሚያስመርረው የጠፋው ገንዘብ ብዛት ሳይሆን የፍርዱ መጓደል ነው። ይህም የባንክ ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከተሠራው ሥራ የበለጠ ሪፖርት የሚጠይቅ ሹም፣ ከተማሩት የበለጡ ተማሪዎች እንዲያልፉለት የሚያዝ የትምህርት ቤት አለቃ፣ ሳያውቀው ያንኑ መንገድ ጀምሯል። እንግዲህ ሁላችንም ከበታቻችን ላለው ሰው ቍጥር በሰጠን ጊዜ፣ ቍጥሩ በቅን መንገድ ሊሞላ ይችል እንደ ሆነ አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ። ቍጥሩን ያዘዘ ሰው፣ ስለ ተሞላበትም መንገድ ተጠያቂ ነውና።