ገብርኤል ጎፋ እያለ ቁልቢ ለምን ይኬዳል?

ታኅሣሥ 19 ቀን ጎፋ ገብርኤል ይነግሣል። የሰፈሩ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ተሳልሞ፣ ቁርስ ሳይደርስ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። በዚያው ሰሞን ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዝ አለ። ብዙው በመኪና ይሄዳል፤ ጥቂቱ ደግሞ ስለት አለብኝ ብሎ በእግሩ ይነሣል። መልአኩ ያው መልአክ፣ ቀኑም ያው ቀን ነው። ታዲያ ለምን ይኬዳል?

ይኼ ጥያቄ የምእመናን ብቻ አይደለም፤ የኛ የተማሪዎችም ነው። ለፈተና የሚበቃው ነገር ባንድ ወረቀት ተጠቃሎ በእጃችን እያለ መጽሐፉን ሙሉ ማንበብ ምን ይረባል? ከትምህርት ክፍላችን ውጭ የሆነውን ታሪክና ልብ ወለድ፣ የሌላውን ሃይማኖትና ፍልስፍና ማገላበጥስ ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ?

የተለመደው መልስ «ንባብና ጉዞ ሰውን ያሳድጋሉ» የሚል ነው። ለመሆኑ ማደግ ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ማየትና ብዙ ማወቅ ከሆነ መሰብሰብ ነው፤ መሰብሰብማ ጎተራም ይሰበስባል። ሺህ መጽሐፍ አንብቦ ለሠራተኛው የማይራራ ሰው እናውቃለን። ቁልቢ ደርሶ ተመልሶ በጎረቤቱ ላይ በሐሰት የሚመሰክርም አይጠፋም። ስለዚህ መልሱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

እስቲ መንገዱን እንከተለው። በእግሩ የሚሄደው ሰው በቃሊቲ፣ በአቃቂ፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ ሲያልፍ የራሱን ስንቅ እየበላ ነው። መተሐራ ላይ ቆላው ይቀበለዋል። አዋሽን ተሻግሮ ሚኤሶ እስኪደርስ ስንቁም ኩራቱም ያልቃሉ። ከዚያ ወዲያ የጨርጨር ተራራ ነው፤ ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪና በሂርና አድርጎ ወደ ቁልቢ ይወጣል። የዚያ አገር ገበሬ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ቋንቋውም ኦሮምኛ ነው። ለገብርኤል ተስሎ የወጣው ክርስቲያን «ቢሻን» የምትለዋን ቃል ተምሮ፣ በዓሉ በዓላቸው ካልሆነ ሰዎች ደጅ ቆሞ ውሃ ይለምናል። ይሰጡታል። በመኪና የሄደው ቁልቢ ይደርሳል፤ ከማን ደጅ ጠጥቶ እንደደረሰ ግን የሚያስታውሰው የለውም።

ሙሉ መጽሐፍ ማንበብም እንዲሁ ነው። ማጠቃለያ ወረቀቱ መደምደሚያው ላይ ያደርሰናል፤ የማንንም ደጅ ግን አያስጠናንም። መጽሐፉ ግን ከማንስማማው ሰው ጋር 300 ገጽ ያህል ያስቀምጠናል፤ ለምን እንደዚያ እንዳሰበ እስኪገባን ድረስ ያስጠብቀናል። በሰፊው ማንበብ ማለት እምነቱ እምነታችን ካልሆነ ሰው ውሃ መለመን ነው።

አባቶቻችን ንባብንና መንገድን አልለያዩም። ዕውቀቱ ባንድ ቤት አልተከማቸምና የቆሎ ተማሪ ድጓ ሲሻ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ሲሻ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ ሲሻ ወደ ዋሸራ ይሄድ ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ውሻ በዱላው እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ቁራሽ የምትሰጠው ሴትዮ ፊደል አልቆጠረችም፤ እሱ ግን ቅኔ የሚቆጥረው በእሷ እንጀራ ነው። ይኼን ስል ልመናን ማወደሴ አይደለም። በረሃቡና በበሽታው መንገድ ላይ የቀረው ልጅ ቀላል አይደለም። ማለት የፈለግሁት፣ ያ ተማሪ ዕውቀቱ የግሉ ሀብት ብቻ እንዳልሆነ ሆዱ በየማታው ይነግረው ነበር ነው።

«ዘርዓ ያዕቆብስ ብቻውን ዋሻ ውስጥ አልነበረም ወይ?» የሚል ይኖራል። የሐተታው ጸሐፊ እሱ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር አልተቋጨም። ታሪኩ ግን እንደሚለው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሸሽቶ፣ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ። እውነት ነው፣ ብዙ ያሰበው ብቻውን ነው። ነገር ግን ታሪኩ ዋሻው ውስጥ አያልቅም። ወርዶ እንፍራዝ ገባ፤ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠጋ። የዚያን ቤት አገልጋይ ኂሩትን ሊያገባ ሲል ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ ገረድ አትባል አለ። የሁለት ዓመቱ ሐሳብ የተፈተነው እዚህ ላይ ነው። ኂሩት ገረድ ሆና ብትቀር ኖሮ ያ ሁሉ ፍልስፍና ምን ነበር?

እንግዲህ እኔ እንደሚመስለኝ ማደግ ማለት በማን ውሃና በማን እንጀራ እዚህ እንደደረስን ማወቅ፣ አውቆም እንደ ባለ ዕዳ መኖር ነው። ረጅም መንገድና ሰፊ ንባብ ይኼን ዕዳ ያሳዩናል፤ መክፈሉን ግን አይከፍሉልንም።

እኛስ? የጎፋ ልጅ ብዙ አንብቦ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ምን ይዞ ይገባል? ቃላቱ በዝተው፣ ከእሷ ጋር የሚያወራው አጥሮት፣ «አይገባትም» ብሎ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ የሚነሣ ከሆነ ንባቡ አርቆት ብቻ ቀርቷል። እንጀራ እየሸጠች ወይም በሰው ቤት እየሠራች ያስተማረችው እሷ ናት እኮ! የማይገባት ከሆነ ያልተረዳነው እኛ ሳንሆን አንቀርም፤ በደንብ የገባንን ነገር በቤታችን ቋንቋ መናገር አያቅተንም።

ቁልቢ የሚሄድ ይሂድ፤ ጎፋ የሚቀርም ይቅር። ከማናውቀው ሰው ዓለም የመጣ አንድ መጽሐፍ ግን ከዳር እስከ ዳር እናንብብ። ከዚያም ለእናታችን፣ ለዘበኛው፣ ለጎረቤቱ በሚገባቸው አማርኛ እንንገራቸው፤ ሰምተው ዝም እንዲሉን ሳይሆን መልሰው እስኪከራከሩን ድረስ።